የወይራ ምንጭ አረንጓዴ ነጥብ

«እህ፣ ምን አሉህ? ተቀበሉህ?» አልኩ፣ የአዳሙን ስም ስልኬ ላይ እንዳየሁ፣ ሰላምታ እንኳ ሳላስቀድም። የመለሰልኝ አዳሙ አልነበረም። «ይቅርታ እህቴ፣ የዚህ ስልክ ባለቤት ምንሽ ነው?» አለኝ አንድ የማላውቀው ድምፅ። ትራፊክ ፖሊስ ነበር። አዳሙ ወደ ባሕር ዳር የተሳፈረበት ሚኒባስ አንበሳሜን እንዳለፈ ተገልብጧል፤ እኔ ጋ የተደወለውም አዳሙ መጨረሻ ያነጋገረው ሰው እኔ ስለሆንኩ ነው። «የሥራ ባልደረባዬ ነው። ተጎዳ እንዴ?» አልኩት። «ለቤተሰቡ የሚያረዳ ሰው ፈልጊ» አለኝ።

አዳሙ በዚያ ቀን ባሕር ዳር የሚሄደው ለሕክምና ወይም ዘመድ ለመጠየቅ አልነበረም። አንድ የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ያለች፣ የምስር ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነጥብ ቀይ ትደረግልኝ ብሎ ለመለመን ነው። እንዲህ ሲባል የሚያስቅ ነገር ይመስላል። እኛም ባልደረቦቹ፣ ምክንያቱን አብዛኞቻችን ሳናውቅ፣ ዓመቱን ሙሉ ስንስቅበት ነው የከረምነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት እሱ ጂኦግራፊ፣ እኔ ኮምፒውተር እናስተምር ነበር። የሸዋ ልጅ ነኝ፤ ተመድቤ ስመጣ ከተማው ውስጥ የማውቀው ሰው አልነበረም። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ መጀመሪያ አንቱ እለው ነበር። «አንቱ ስትይኝ ዕርቅ ልታስቀምጪኝ የመጣሽ ይመስለኛል፤ ተይኝ» አለኝና አንተ ሆነ። እኔን ግን እስከ መጨረሻው «አንቺ የሸዋ ልጅ» ከማለት አልተመለሰም።

ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ፣ የኮቱ ኪስ ሁልጊዜ በጠመኔ የነጣ ሰው ነበር። ድረ ገጽ ሲከፈትለት ቆቡን ያወልቃል። መጀመሪያ ሙቀት መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቀው «ሰው ቤት ሲገባ ቆብ አይወልቅም? ይኼ ደግሞ የመንግሥት ቤት ነው» አለኝ፤ ሲያሾፍ ይሁን ከልቡ ይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። የትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት እንደ ጉና ጭጋግ ነው፤ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። እኔ ሲቋረጥብኝ ጠረጴዛውን እደበድባለሁ። እሱ ግን ቆቡን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ደጅ እንደሚጠና ባለጉዳይ ማያ ገጹን እያየ ይቀመጣል። «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» ይልና ያንኑ ገጽ ደግሞ ይጠራዋል።

ሌላው ሰው ግን የሚያስታውሰው በሰላምታው ነው። እዚህ አገር «እንዴት አደርክ?» ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና።» ቤቱ የተቃጠለበትም፣ ልጁን የዳረውም እኩል ይመልሳታል። አዳሙ ካለፈው መስከረም ወዲህ እውነቱን መመለስ ጀመረ። ርዕሰ መምህሩ «እንዴት ነህ አዳሙ?» ሲሉት «ደህና አይደለሁም። ግራ ጉልበቴን ያመኛል፣ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል፣ የሰጡኝ ክፍለ ጊዜም አልተስማማኝም» ይላቸዋል። ሰውየው ሰዓታቸውን አይተው ወደ ቢሯቸው ይመለሳሉ። «መምህር ሪፖርት» የሚል ስም አወጣንለት። የበሩ ጠባቂ ሳይቀር፣ አዳሙ ሲመጣ ሥራ የበዛበት ሰው መስሎ ፊቱን ያዞር ነበር። ይህ ጠባይ ከየት እንደመጣ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ለማንም እንዳልናገር ደግሞ አስምሎኛል።

የአዳሙ አገር ከገሳይ ወጣ ብሎ ያለ ጎጥ ነው። አባቱ አያ ሞላና ታናሽ እህቱ ደብሬ የሚኖሩት እዚያ ነው። የጎጡ ሰው የሚጠጣው ከአንድ ምንጭ ነው፤ ወይራ ምንጭ ይባላል። ከዓመታት በፊት በሲሚንቶ ተገንብቶ፣ ክዳን ተደርጎለት፣ ቧንቧ ወጥቶለታል። አያ ሞላም የውኃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ተደረጉ። ከጊዜ በኋላ ግንቡ ተሰነጠቀ። በጋውን ውኃው ጥርት ያለ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ከላይ ካለው የከብት መዋያ የሚወርደው ጎርፍ በስንጥቁ ይገባል። ባለፈው ነሐሴ የደብሬ ልጅ ብርቱካን አተት ያዛትና ጤና ጣቢያ ሳትደርስ ሞተች። ገና የወተት ጥርሷ አልተነቀለም ነበር። አያ ሞላ ራሳቸው በክንዳቸው ታቅፈው ነው ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰዷት።

አዳሙ ሐዘኑን ጨርሶ መስከረም ላይ ሲመለስ ቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ክፍሌ መጣ። «መንግሥት የየአገሩን ውኃ ሁኔታ የሚያሳይ ካርታ ኢንተርኔት ላይ አውጥቷል ይባላል። ፈልጊልኝ» አለኝ። መፈለጉ ራሱን የቻለ ፍዳ ነበር። አንዱ ማውጫ ወደ ሌላው ይልካል፤ ሌላው ደግሞ የይለፍ ቃል አምጡ ይላል፤ ሦስተኛው ተከፍቶ ባዶ ነው። «ለሕዝብ ክፍት የሆነ መረጃ» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ያለበት ገጽ ለመክፈት ፈቃድ ይጠይቃል። በመጨረሻ ካርታው ወጣ። በነጥብ የተሞላ ነው፦ ቀዩ የተበላሸ፣ ቢጫው የሚያጠራጥር፣ አረንጓዴው ደህና የሆነ የውኃ ቦታ። አዳሙ ምንጩ አጠገብ ቆሞ በስልኩ የቦታውን መገኛ ወስዶ ስለነበር ነጥቧን ለማግኘት አልተቸገርንም። አረንጓዴ ነበረች።

ነካኋት። «አገልግሎት፦ እየሰጠ ነው። የውኃው ሁኔታ፦ ጥሩ» የሚል ወጣ።

«ማን ነው ጥሩ ነው ያለው?» አለ አዳሙ፣ ድምፁ ተለውጦ። «ናሙና ወስደው ነው? መርምረውት ነው?»

ወደ ታች ወረድኩ። የመጨረሻው መስመር ላይ «የመረጃው ምንጭ፦ ቃለ መጠይቅ፤ የውኃ ኮሚቴ ሰብሳቢ» ይላል። አዳሙ ጭኑ ላይ የነበረውን ቆብ አንስቶ ቀስ ብሎ አጠለቀ።

«አባቴ ነው» አለ።

ለእኔ ለከተማዋ ልጅ ነገሩን ያስረዳኝ ያን ዕለት ነው። አባቱ ውሸታም አይደሉም። ግን አገሬው ብሶቱን እንግዳ ላይ አያራግፍም። ከሩቅ የመጣ ሰው እግሩን ይታጠባል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ምን ጎደላችሁ ቢባሉ «ተመስገን» ነው። «በሬው ገደል በገባበት ማግሥት ብትጠይቂው ከብቶቹ ደህና ናቸው ነው የሚልሽ» አለኝ። «ያ መረጃ ሰብሳቢ በጋ ላይ መጣ፤ ጠላ ቀረበለት፤ ምንጩ እንዴት ነው አለ፤ አባቴ ተመስገን ደህና ነው አለ። ልጁም ደህና ብሎ ጻፈ። ማንን ልውቀስ?» ከዚያ ወዲህ ነው ሰው እንዴት ነህ ሲለው እውነቱን መናገር የጀመረው።

ነጥቧ አረንጓዴ መሆኗ ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያወቅነው ወደ ወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ስንሄድ ነው። አብሬው ገብቼ ነበር። ባለሙያው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የደከመው ሰው ነበር። ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረልንና «እዩት። የምንጠግነው ቀዩን ነው፤ እሱንም አልጨረስነውም። የእናንተ አረንጓዴ ነው፤ አረንጓዴ ላይ በጀት አይወጣም» አለ።

«ልጅ ሞታበታለች እኮ» አለ አዳሙ።

«እግዜር ያጥናችሁ። ግን ሲስተሙ ላይ የለም፤ እኔ ምን ላድርግ? ስሕተት ነው ካላችሁ ድረ ገጹ ላይ የእርማት ጥያቄ የሚቀርብበት ቦታ አለ። እዚያ ሙሉ። ከላይ ሰው ይልኩና ሰብሳቢውን እንደገና ይጠይቃሉ።»

ስንወጣ አዳሙ በቀጥታ ወደ ኮምፒውተር ክፍሌ መራኝ። ደብሬ ሁለተኛ ልጅ አላት፤ ገና እየዳኸ ነው፣ ጡት ሊጥልም ተቃርቧል። ከጡት የሚወርደው ወደዚያ ውኃ ነው። አዳሙ የውኃ ማከሚያ መድኃኒት ገዝቶ ቢወስድ፣ አያ ሞላ ጠረኑን አልወደዱትም፤ አፍልታችሁ ጠጡ ቢል፣ ማገዶው ከየት ይምጣ? እንግዲህ ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ ነጥቧ ቀይ መሆን ነበረባት። ሌላ ዓላማ አልነበረውም።

የእርማት ጥያቄውን የሞላነው ስንት ጊዜ እንደሆነ መቁጠሩን ትቼዋለሁ። ሞልተን ሞልተን «ላክ» ስንል መስመሩ ይቋረጣል፤ ሲመለስ ሁሉም ባዶ ነው። አንድ ቀን ተሳካና «ጥያቄዎ ደርሶናል፤ እናመሰግናለን» የሚል መልስ ወጣ። አዳሙ ክፍሉ ውስጥ ለነበሩት ተማሪዎች በሙሉ ከረሜላ ገዛ። ከዚያ ገና አለፈ፣ ጥምቀት አለፈ፣ ሁዳዴ ገብቶ ወጣ፤ ገጹ ያንኑ ቃል ነው የሚናገረው። በየማለዳው ቆቡን አውልቆ ይከፍተዋል፤ ቆቡን አጥልቆ ይወጣል።

አንድ ቀን ሆዴ አልችል አለኝና «ለአባትህ ለምን አትነግራቸውም?» አልኩት። «ቢመጡም የሚጠይቁት እሳቸውን ነው። እንደገና ተመስገን ቢሏቸውስ?»

«ምን ብዬ ልንገረው? አባዬ፣ ያን ጊዜ ለእንግዳው እውነቱን ብትነግረው ግንቡ ይጠገን ነበር፣ ብርቱካንም ትድን ነበር ልበለው? ያቺን ልጅ በአንቀልባ አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። ቀሪ ዘመኑን እኔ ገደልኳት እያለ ይኑር?»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ስትል አልነበር?»

«በሽታውስ የኔ ቢሆን» አለኝ። «ሰዎቹ ሲመጡ እኔ አባቴ ጎን እቀመጣለሁ። እሱ ተመስገን ሲል እኔ ስንጥቁን አሳያለሁ። እሱ ምንም ሳያውቅ ነገሩ ያልቃል። አንቺም አፍሽን ያዥ፣ የሸዋ ልጅ።»

አፌን ያዝኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነበር፤ ለዓለሙ ሁሉ እውነት ካልተናገርኩ እያለ፣ አንዲቱን ለአባቱ መናገር ያልቻለ። ይህን ድካም ልለው ቃጥቶኝ ያውቃል። አሁን ግን ፍቅር እንደሆነ ነው የማምነው፤ የሚያስከፍለው ዋጋም እንዳለ አይቻለሁ።

ግንቦት ላይ ሰማዩ ከጉና በኩል መጥቆር ሲጀምር አዳሙ መቀመጥ አቃተው። ከእርማት ጥያቄው ገጽ ግርጌ በትንንሽ ፊደል «መልስ የዘገየባቸው ባለጉዳዮች በአካል ቀርበው ማጠናከር ይችላሉ» የሚል አገኘ። «ኢንተርኔት የተሠራው ሰው እንዳይንከራተት መስሎኝ!» ብሎ ሳቀ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። በማግሥቱ ተሳፈረ። የቀረውን ፖሊሱ ነገረኝ።

አስከሬኑን ይዘን ወደ አገሩ ሄድን፤ ከነቆቡ ያመጡልንን ዕቃውንም ለደብሬ አስረከብኳት። ስልኩን ግን መልሳ ሰጠችኝ። «የሚደውለው ሰው በዛ፤ ሞተ ሞተ ማለት አቃተኝ። እባክሽ አንቺ መልሽልኝ» አለችኝ። እኔም ባልደረቦቼ ሲመለሱ እዚያው ቀረሁ። አያ ሞላ ቀብሩ ላይ አላለቀሱም። በትራቸውን ተደግፈው፣ ለሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ብድግ እያሉ «ምነው ደከማችሁ፣ መንገዱ ሩቅ ነው» ይሉ ነበር።

በማግሥቱ የአዳሙ ስልክ ጮኸ። «አቶ አዳሙ ሞላ ናቸው? ስለ ወይራ ምንጭ እርማት ነበር» አለ አንድ ወጣት። ለአዲሱ የመረጃ አሰባሰብ ነፋስ መውጫ ከተማ መጥቷል። «ጥያቄው የተፈቀደው እኮ ካለፈው ወር ነው» አለኝ። «ገጹ ላይ አልታያቸውም? አንዳንዴ ሳይታደስ ይቆያል።»

አዳሙ የሞተው የተፈቀደለትን ነገር ሊለምን ሲሄድ ነው። ለማን እንደምናደድ አጣሁ፤ በዚያች ደቂቃ ዓለም ላይ ያለ ኮምፒውተር ሁሉ ቢቃጠል ደስ ይለኝ ነበር። ልጁ «ሄሎ? ወይስ ከክረምቱ በኋላ ይሻላቸዋል?» አለ። «አይሆንም» አልኩት። «እሳቸው የሉም፤ አባታቸው ግን አሉ። ነገ ና።»

የመጣው በሰልስቱ ነው፤ ታብሌቱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ። ሐዘን ቤት መሆኑን ድንኳኑን ሲያይ ነው የገባው፤ ደነገጠ፣ አንገቱን ደፍቶ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠ። አያ ሞላ እንግዳ መሆኑን ሲሰሙ ወዲያው ከጎናቸው አስቀመጡት። እጁን አስታጠቡት፤ እንጀራ ቀረበለት። «ብላ እንጂ ጌታው፣ ይኸ ምን መብላት ነው» እያሉ በእጃቸው አጎረሱት። ሲጨርስ እያፈረ ታብሌቱን አወጣ።

«አባቴ፣ በዚህ ሰዓት ማስቸገሬን ይቅር ይበሉኝ። የምንጩ ነገር ነበር። ውኃችሁ እንዴት ነው?»

«ተመስገን» አሉ አያ ሞላ። «ውኃችን ደህና ነው። ይልቅ አንተን መንገዱ አልጎዳህም?»

የልጁ ጣት ወደ ታብሌቱ ሄደ። ድንኳኑ ውስጥ ከእኔ በቀር ያቺ ጣት የት እንደምትሄድ የሚያውቅ አልነበረም። ደብሬ ከሴቶቹ መሐል ተቀምጣ ሕፃኑን ታጠባለች።

«ደህና አይደለም!» አልኩ። እንደዚያ ጮክ ብሎ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሰው ሁሉ ዞረ።

አያ ሞላ አልተቆጡም። «የኔ ልጅ፣ እንግዳ እኮ ነው» አሉኝ በለሆሳስ፣ ሥርዓት እንደጎደለው ልጅ።

«አባቴ፣ እግዜር ያሳይዎ፣ ባለፈው ለመጣውም ደህና ነው ብለውት...» አልኩና መሐሉ ላይ ተውኩት። ያስማለኝ ሰው ከተቀበረ ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው።

እኔ ባልጨርሰውም ሽማግሌው ሞኝ አልነበሩም። በትራቸውን አፈሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያደረጉ ቆዩ። «ባለፈው የመጣው ቀይ ልጅ» አሉ። «በጋ ላይ ነው የመጣው። ጠላ ሰጠነው። እንዲሁ ጠየቀኝ።» ከዚያ ዓይናቸው ወደ ደብሬ ሄደና ሕፃኑ ላይ ቆመ። «የጻፈው እኔ ያልኩትን ነው?»

«አዎ አባቴ።»

«እንደሱ ስለተጻፈ ነው ግንቡን የሚጠግን የጠፋው?»

«አዎ።»

«አዳሙ ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር።»

«ዓመት ሙሉ እዚህ እየተመላለሰ፣ ከእኔ ጋር እየበላ... ያውቅ ነበር?» አሉ። ተነሡ። ደግፈው ሊይዟቸው የመጡትን በእጃቸው መለሷቸውና ለልጁ «ና፣ ተከተለኝ» አሉት።

ምንጩ ከቤቱ ቁልቁል ነው። በቧንቧው የሚወርደው ውኃ እንደ መስተዋት የጠራ ነበር፤ ልጁ አየውና ግራ ገባው። አያ ሞላ ግን ክዳኑን ግፉት አሉን። ሁለት ሰው ገፋው። ውስጡ፣ ከስንጥቁ በታች፣ ያለፈው ክረምት ጎርፍ ይዞት የገባው ጭቃና እበት በግንቡ ዙሪያ ደርቆ ይታያል። ሽታው ወደ ላይ ወጣ።

«አየኸው?» አሉት። «በል ጻፍ። ሰብሳቢው እኔ ነኝ፤ ደህና ነው ያልኩት እኔ ነኝ። ውኃው ልጅ ገድሏል። እንዲያው እንዳልኩህ ጻፈው።»

ልጁ ታብሌቱን አየ፣ እኔን አየኝ። ሊያለቅስ ደርሶ ነበር። «አባቴ፣ እንደሱ የሚጻፍበት ቦታ የለውም» አለ። «ጥሩ፣ መካከለኛ፣ መጥፎ ነው የሚለው። ከሦስቱ አንዱን ነው የምመርጠው።»

አያ ሞላ ወደ ተከፈተው ምንጭ ደግመው አዩ። «እንዲያ ከሆነ» አሉ በመጨረሻ፣ «መጥፎ በለው።»

ልጁ ነካው። አያ ሞላ የተገፋው ክዳን ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ነጠላቸውንም ፊታቸው ላይ ሳቡ። ልጃቸው ሲቀበር ዕንባ ያልወጣቸው ሰው ያኔ አለቀሱ፤ ድምፅ አውጥተው፣ ስም እየጠሩ። የሚጠሩት የአዳሙን ስም መስሎኝ ጠጋ አልኩ። የብርቱካንን ነበር።